ዳካ አናት ላይ የጠራኝ ድምፅ

ከሁሉ በፊት ማንነቴን ልንገርህ፣ አለዚያ የማጫውትህን ነገር ጫት ቤት የተሰማ ወሬ ታደርገዋለህ። እኔ ጂን አየሁ፣ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፣ የሞተ ሰው ሰላም አለኝ ከሚሉት ወገን አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም። ሐረር መጥተህ፣ ከፈረስ መጋላ ወረድ ብለህ፣ ተፈራ ሬዲዮ ሠሪው የት ነው ብትል ሕፃን ልጅ ሳይቀር እጅህን ይዞ ያደርስሃል። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፣ ፊደል የለየሁት ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፣ ሙያ የተማርኩት የተጣለ ሬዲዮ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው፣ ዲፕሎማ የያዙ ልጆች አገላብጠው አገላብጠው ያቃታቸውን ቴፕ እኔ በአንዲት ካቻቢቴ አናግሬ መልሼላቸዋለሁ። ድምፅ ከየት እንደሚነሳ፣ በምን እንደሚያልፍ፣ የት ሲደርስ እንደሚያስተጋባ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ አልነበረም፣ አሁንም ያለ አይመስለኝም። ይህን የምነግርህ ለጉራ አይደለም፣ እመነኝ፣ ኋላ ስለሚያስፈልግህ ነው።

ዩሱፍ ጓደኛዬ ነበር። መኪና ግርግር በሚባለው፣ የስፌት መኪና ከጠዋት እስከ ማታ በሚንጫጫበት መንገድ ላይ፣ የእኔ ሱቅ በዚህ በኩል የእሱ ስፌት ቤት በዚያ በኩል፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው ያረጀነው። የተወለደው ሐረማያ ሐይቅ ዳር ነው፣ በወጣትነቱ በጀልባ ዓሣ ያጠምድ ነበር፣ ሐይቅ ብትለው ይቆጣሃል፣ «ባሕር በል! የእኔ ባሕር ነው» ይልሃል። ኋላ ባሕሩ ደረቀ። በደረቀ ጊዜ አንድ ቀን ሄዶ አይቶት መጣ፣ ከዚያ ብዙ ቀን ከማንም ጋር ሳይነጋገር አቀርቅሮ ሲሰፋ ሰነበተ፣ ዳግመኛም ወደዚያ አልሄደም። ማውራቱን ግን አልተወም፣ በተለይ ዳሩ ላይ ስላለችው ድንጋያማ ጉብታ። ሰዉ ዳካ ይላታል፣ በኦሮምኛ ድንጋይ ማለት ነው። ጀልባውን የሚያስረው እሷ ላይ ነበር፣ ገመዱ ድንጋዩን በልቶ ቦይ አውጥቶበታል ይል ነበር፣ እኔም አላምነውም ነበር።

እኔን የሚጠራኝ ፕሮፌሰር እያለ ነው። እሱ ለማሾፍ ነው፣ እኔ ግን የሚገባኝ ስለሆነ ዝም ብዬ እቀበለው ነበር።

አንድ ነገሩ ብቻ ያናድደኝ ነበር። ዩሱፍ ከደጅ ሲጠሩት አንዴ ቢሉት አይመልስም፣ ሁለቴም ቢሉት አይመልስም፣ አቤት የሚለው በሦስተኛው ነው፣ ስንቱ ደንበኛ ተናዶ ወደ ጎረቤት ልብስ ሰፊ ሄዷል መሰለህ።

«ና ጆሮህን ልፍታው፣ ሽቦ ተበጥሶበት ይሆናል» እለዋለሁ ከማዶ።

«ሳቅ አንተ» ይለኛል ጫቱን ወደ አንድ ጉንጩ ገፋ አድርጎ። «ሰው ያልሆነ ነገር ሁለቴ ጠርቶ ይተውሃል። የአደም ልጅ ከሆነ ግን ሦስተኛ ይደግማል፣ ይፈልግሃላ!»

«እኔ በመጀመሪያው ነው አቤት የምለው፣ ሰይጣንም ከሆነ ይምጣና ሬዲዮውን ልሥራለት።»

«አንተማ ፕሮፌሰር ነህ» ይላል፣ የስፌት መኪናውን እየረገጠ። «አንተን የሚጠራ ሰው አይደክምም።»

ይህችን አባባሉን ያዝልኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ቀረ። ስትሮክ ነው አሉ፣ ቀኝ ጎኑን ያዘው፣ አንደበቱንም ይዞት ሄደ። ጀጎል ውስጥ ባለው ቤቱ፣ ነደባው ላይ፣ ምንጣፍ የሚነጠፍበት ከፍ ያለው መደብ ላይ ማለቴ ነው፣ አስተኙትና ወራት ሙሉ ጣሪያ ሲያይ ዋለ። እኔ በየቀኑ እሄዳለሁ፣ እሱን ላጫውት ብዬ ሄጄ ስለራሴ አውርቼ እመለሳለሁ፣ ምን ላድርግ፣ ዝምታ ይከብደኛል። አንድ ቀን ልጁ ኢክራም እስከ በሩ ሸኘችኝ።

«ጋሼ ተፈራ፣ ሐኪሙ የሚወደውን ነገር አሰሙት፣ አንደበቱ ሊፈታ ይችላል፣ ሲቆይ ግን ይከብዳል ብሎናል። ቁርአን አሰማነው፣ መንዙማ አሰማነው፣ ዓይኑን ይከድናል እንጂ ምንም አይልም።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«ባሕሩ» አለች ቀስ ብላ። «ከሰዓት በኋላ ዳካ ላይ የውሃ ድምፅ ይሰማል ይላሉ፣ ደርቆም።»

ሳቄ አመለጠኝ። «ልጄ፣ እሱ ነፋስ ነው። በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሲያልፍ እንደ ዋሽንት ይሆናል፣ ተአምር የለውም።»

«ነፋስም ይሁን፣ አባዬ ውሃ ነው ብሎ ይስማው። እርስዎ ካልቀዱልኝ ማን ይቀዳልኛል?»

በዚህ ያዘችኝ። እውነቷን ነዋ፣ ከእኔ ሌላ ማን ይቀዳዋል?

በማግስቱ አዲሱን ስልኬን ደረት ኪሴ ከትቼ፣ ሚኒባስ ይዤ፣ አወዳይን አልፌ ሐረማያ ወረድኩ። ድሮ ውሃ የነበረበት ሜዳ ሣር ለብሷል፣ ላሞች ይግጡበታል፣ እዚህም እዚያም ጫትና ድንች ተተክሎበታል። ሣር የሚያጭዱ አንድ ገበሬ ቀና ብለው አዩኝ።

«ወዴት ነው ሽማግሌው?»

«ዳካ ላይ።»

«ብቻዎን?»

«የምወጣው በራሴ እግር ነው፣ ሰው ምን ያደርግልኛል?»

ሳቁ። «እንግዲያው ውሃው ሳይመጣ ይውረዱ።»

«የቱ ውሃ?»

«እኛ እንዲህ እንላለን» አሉና ወደ ሣራቸው ጎንበስ አሉ።

ዳካ ትልቅ አይደለችም፣ ከታች ሆነህ ስታያት አንድ ግመል የተኛ ነው የምትመስለው፣ ስትወጣት ግን ድንጋዩ ሙልጭልጭ ነው፣ በእጅህም መቧጠጥ አለብህ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው እንደኔ ይወጣታል ብዬ አልገምትም። ግማሽ ላይ ስደርስ ድንጋዩን ዙሪያውን የከበበ ነጭ መስመር አገኘሁ፣ ውሃው ድሮ የደረሰበት ልክ ነው። ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ ዩሱፍ ያለው ቦይ አለ፣ ገመድ የበላው፣ ጣት የሚያስገባ። ጣቴን አስገባሁ። እርጥብ ነው። ዝናብ ከዘነበ ሰንብቷል፣ ፀሐዩ ድንጋዩን ሲያቃጥል ውሏል፣ ጣቴን አሸተትኩት፣ ዓሣ ዓሣ ይላል። ከሥር የሚመነጭ ነገር ይኖራል አልኩና አለፍኩ፣ አየህ፣ ለሁሉም ነገር መልስ ነበረኝ።

አናቱ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን ስሰበስብ ከከተማው የዐስር አዛን ተሰማ፣ አዛኑ ሲያበቃ ነፋሱ ተነሳ፣ እንዳልኩትም ድንጋዩ ማንጎራጎር ጀመረ። ስልኩን ለመቅጃ ከፈትኩ። ስንጥቁን ፈልጌ አገኘሁት፣ ጃኬቴን አውልቄ ጠቀጠቅኩበት፣ ድምፁ ቀጥ አለ። ደስታዬን ምን ልበልህ! ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ «ይኸው፣ ነፋስ ነው፣ ተፈራ ነግሯችሁ ነበር» ብዬ ተናገርኩበት። ከዚያ ለዩሱፍ የሚሆነውን ልቀዳ ጃኬቱን ላወጣ እጄን ስሰድ፣ ጃኬቱ እንዳለ፣ ስንጥቁ እንደተደፈነ፣ ሌላ ድምፅ ጀመረ።

ማንጎራጎር አልነበረም። ጠፍ፣ ዝም፣ ጠፍ፣ ዝም ይላል፣ ውሃ ድንጋይ ሲመታ፣ ከነጭ መስመሩ አካባቢ። ነፋሱ ራሱ ቆሟል፣ ሣሩ አይንቀሳቀስም። ቆይቶ እንጨት በእንጨት ላይ ኳ ሲል ሰማሁ፣ መቅዘፊያ የጀልባ ጎን ሲነካ እንደሚለው። ወደ ታች አየሁ፣ ሜዳ ነው፣ ሣር ነው፣ ላሞች ናቸው። ላሞቹ ግን መጋጥ ትተዋል፣ ሁሉም ቀና ብለው ወደ አንድ ቦታ፣ ወደ ዳካ ሥር ያያሉ።

«ፕሮፌሰር!»

የዩሱፍ ድምፅ ነው። አንደበቱ ከተያዘ ወራት ያለፉት የዩሱፍ፣ ያውም የድሮው፣ ጫት በአንድ ጉንጩ ይዞ ከስፌት መኪናው ላይ የሚጠራኝ። ስለ ድምፅ እንደማውቅ ነግሬሃለሁ፣ አልተሳሳትኩም። ማሚቶ አልነበረም፣ ሌላ ሰውም አልነበረም፣ ከሥሬ፣ ውሃ ቢኖር ጀልባ ከሚቆምበት ቦታ ነው የመጣው።

አቤት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት ስል የኖርኩት ሰውዬ፣ በሰው ፍርሃት ስስቅ የኖርኩት ሰውዬ፣ ከንፈሬን ነከስኩ።

«ፕሮፌሰር!» አለ እንደገና፣ ቀረብ ብሎ፣ ሳቅ ቢጤም አለበት፣ ለምን ዝም አልክ እንደሚል ሰው።

ሦስተኛውን ጠበቅኩ። ስቄበት የኖርኩትን ነገር ሙጭጭ አድርጌ ይዤ፣ ሰው ከሆነ ይደግማል፣ ይድገምና አቤት እላለሁ ብዬ ጠበቅኩ። ምንም የለም። የውሃውም ድምፅ ጠፋ። አየህ ሁለቴ ነው፣ ሰው አይደለም አልኩና ስልኩን ኪሴ ወርውሬ፣ ጃኬቴን እዚያው ትቼ፣ በቂጤም በእጄም እየተንሸራተትኩ፣ ጠጠሩ ከእግሬ ሥር እየተናደ ወረድኩ። ሳልጨርስ ዞር ብዬ አላየሁም። ገበሬው በቦታቸው አልነበሩም።

ሐረር ደርሼ የዩሱፍን በር ሳልቆረቁር ኢክራም እየሮጠች ወጣች፣ ፊቷ በርቷል፣ እንባም አለበት።

«ጋሼ! አባዬ ተናገረ!»

«ምን አለ?»

«እርስዎን ነው የጠራው! ዐስር ሰግጄ ሳልነሳ፣ ፕሮፌሰር አለ፣ ጥርት አድርጎ። ትንሽ ቆየና ደገመው። እኔ እናቴን ልጥራ ስል ደግሞ ሦስተኛ ጮክ ብሎ ጠራዎት፣ ጎረቤት ሁሉ ሰማ።»

«ሁለት ጊዜ ነው» አልኩ ሳላስበው።

ትክ ብላ አየችኝ። «ሦስት ነው ጋሼ። እርስዎ የት ሆነው ሰሙት?»

ልብ በል፣ እኔ መልስ አጣሁ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዘነበለ፣ አቤት የሚለውን የሚጠብቅ ሰው ይመስል ነበር። ብዙ ጠበቀ።»

ገባሁ። ዩሱፍ ተኝቷል፣ ዓይኑ ግን ንቁ ነው። ኢክራም «ቀድተው መጡ? አሁኑኑ ያሰሙት፣ ሊቀጥል ይችላል» ትለኛለች። ስልኩን ሳወጣ ያኔ ነው ያየሁት፣ መቅጃውን አላጠፋሁትም፣ መንገዱን ሙሉ ሲቀዳ ነው የመጣው። ከመጀመሪያው አስነሳሁት። ማንጎራጎሩ መጣ፣ የእኔ ጉራ መጣ፣ ከዚያ ጠፍ፣ ዝም፣ ጠፍ።

የዩሱፍ ዓይን ፈካ። ያ ጤነኛ ግራ እጁ ጋቢው ላይ መሄድ ጀመረ፣ ወደ ፊት ገፋ፣ ወደ ኋላ ሳብ፣ ሲቀዝፍ። ፈገግ አለ፣ እግዚአብሔር ይመስክር፣ በዚያ በተጣመመ አፉ ፈገግ አለ።

«ነፋስ ብቻ ነው አይደል የሚሰማው?» አለችኝ ኢክራም በጆሮዬ። እሷ ነፋስ ነው የሰማችው። እኔ ውሃ፣ እሱም ውሃ።

የመጀመሪያው ጥሪ መጣ። ሁለተኛው መጣ። የእኔ ትንፋሽ ይሰማል፣ ቁና ቁና። ከዚያ ጫማዬ፣ ጠጠሩ ሲናድ፣ የእኔ ማቃሰት፣ እና በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል፣ ከኋላዬ፣ ረጅም፣ ጮክ ያለ፣ «ፕሮፌሰር!»

ሦስተኛውንም ጠርቶኝ ነበር። የራሴ ሩጫ ነው ያላሰማኝ።

እጁ ጋቢው ላይ ቆመ። ጠጠሩ አሁንም ይወርዳል፣ ጫማዬ ይርቃል፣ እሱ እስከ መጨረሻው አዳመጠው። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ፣ ቁጣ አልነበረበትም፣ ቢቆጣ ምንኛ በወደድኩ።

«አቤት!» አልኩ። «አቤት ዩሱፍ! አለሁ!»

ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስከ ክረምት ድረስ ኖረ፣ ሌላ ቃል ግን አልወጣውም፣ እኔ ስገባ ፊቱ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ነበር። ሐኪሙ እንዲህ ያለ በሽተኛ አንዳንዴ በድንገት ተናግሮ መልሶ ዝም ይላል አለ፣ ይሆናል፣ አልከራከረውም። ድሮ ቢሆን እከራከረው ነበር።

አሁን ውሃው ተመልሷል። ሰዎች ሄደው ፎቶ ይነሳሉ፣ ዳካ ላይ የውሃ ድምፅ ሰማን ቢሉ ማንም አይደነቅም፣ ውሃ አለዋ። ና እንሂድ ይሉኛል፣ ጉልበቴ አይችልም እላለሁ፣ ጉልበቴ ግን ይችላል። ጃኬቴም ከስንጥቁ ይውጣ አይውጣ አላውቅም።

የዩሱፍን ስፌት ቤት ሌላ ሰው ተከራይቶታል፣ ሞባይል ይሸጥበታል። እኔ አሁንም ፊት ለፊት እቀመጣለሁ፣ ሬዲዮ የሚያሠራ እየጠፋ ነው፣ ቢሆንም እቀመጣለሁ። ከደጅ ስጠራ በመጀመሪያው አቤት እላለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ የያዝኩትን ጥዬ፣ እስከ በሩ ድረስ ወጥቼ። ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል፣ ሽማግሌው ማን ጠራው ይላሉ እርስ በርሳቸው። ብዙ ጊዜ በር ላይ ማንም አይኖርም። ግን አቤት እላለሁ።