ቤተል የረሳችው ወርቅ

የቤት ሠራተኛዋ ቤተል የተገኘችው ኒው ካይሮ፣ የአሠሪዋ የማዳም ናህላ መኝታ ቤት ወለል ላይ ባዶ የወርቅ ማስቀመጫ ሳጥን ታቅፋ ተኝታ ነው። ወርቁ የለም።

ፖሊስ ሲቀሰቅሳት “እኔ ነኝ የወሰድኩት” አለች። የት እንዳደረገችው ሲጠይቋት ግን “አላውቅም” አለች። ጣቢያ ሳትደርስ አንቀጥቅጦ ጣላትና ሆስፒታል ወሰዷት።

ዋሲሁን ነገሩ አልዋጥልህ አለው። አዲስ አበባ የወንጀል መርማሪ ነበር። አሁን ካይሮ፣ ቡላቅ አል-ዳክሩር ሰፈር ተከራይቶ፣ ኢትዮጵያዊ በተያዘ ቁጥር ለፖሊስ ያስተረጉማል። ሰርቆ ባዶውን ሳጥን ታቅፎ የሚተኛ ሌባ አይቶ አያውቅም። መኮንኑ ግን “ኸላስ፣ አለቀ፣ አምናለች” ብሎ ዘጋው። ነገ ዓቃቤ ሕግ ፊት ትቀርባለች።

“እስር ቤት ከገባች ትሞታለች” አለችው የነርቭ ሐኪሟ ዶክተር ሶስና። “ሕክምናው መቋረጥ የለበትም።”

“ምን ሆና ነው?”

“አዲስ ነገር በተማርን ቁጥር የአንጎል ሴሎች መገናኛቸው ላይ ፕሮቲን ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉ። ትዝታ የሚጸናው በዚያ ነው። የቤተል ሰውነት ግን አንዱን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ከመገናኛው ላይ እየነቀለ ይጥለዋል። የነገሯትን ወዲያው ትረሳለች።”

ሰው እናቱን እንኳ የሚያውቀው በዓይን በማይታይ ቅንጣት ነው ብሎ ሲያስብ ዋሲሁንን ሰውነቱን ውርር አደረገው።

ቆይቶ ሌላ ነገር መጣለት። የምትረሳ ልጅ መስረቋን እንዴት አስታወሰች? ፖሊስ ሲቀሰቅሳት አጠገቧ ሆኖ “ወስደሻል” ያላት ሰው መኖር አለበት።

ያን ቀን ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሹፌሩ ዓም ሰይድና ወጥ ቤቷ ውብአለም ናቸው። ሁለቱም ምግብ ይዘው ሆስፒታል ሊጠይቋት መጡ።

“ያን ቀን ፎቅ ወጥተሃል አሉ፤ ምን ትሠራ ነበር?” አለው ዋሲሁን ሹፌሩን በአረብኛ።

“ማዳም ሻንጣ አውርድ ብላኝ።”

ማዳም በስልክ እውነት ነው አለች።

“ልጅቷ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ እኛ ቤት ከሰነበተች በኋላ ነው መርሳቱ የባሰባት” አለች ውብአለም። “ዛር ነው መሰለኝ። ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ምን ይደረጋል ጋሼ?” ሽሮ በእንጀራ ጠቅልላ ወደ ቤተል ዘረጋች። “በይ እህቴ፣ አፍሽን ክፈቺ።”

ቤተል አፏን ገጠመች።

ዋሲሁን ደነገጠ። ጉርሻ እንዴት እምቢ ይባላል? ከዚያው ሳህን ጠቅልሎ አጎረሳት፤ ዋጠች። ሶስናም ሞከረች፤ ዋጠች። ዓም ሰይድ ሳይቀር ሽሮውን እስከ ክርኑ እያንጠባጠበ አጎረሳት፤ እየሳቀች ዋጠች። ውብአለም እንደገና ስትዘረጋ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

“ተጣልታችኋል?” አላት ዋሲሁን ቤተልን።

“ከማን ጋር? አላውቃትም እኮ ጋሼ። እጇ ሲጠጋኝ ግን አፌ እምቢ ይላል።”

ሶስና ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። “የሆነውን የምናስታውስበትና ያመመንን የምንፈራበት የአንጎል ክፍል የተለያየ ነው። ያኛው ባዶ ቀርቷል። ይሄኛው ግን ተምሯል።”

ዋሲሁን ወደ ውብአለም ዞረ። አእምሮዋ የማያውቀውን ገላዋ እየመሰከረ ነው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ እንዲህ ያለ ምስክር አልገጠመውም።

“ያን ቀን ምን አጎረስሻት?” አላት ውብአለምን።

“ምሳ ነዋ።”

“ምሳው ውስጥስ?”

ውብአለም እንጀራውን እንደገና መጠቅለል ጀመረች።

“ዶክተር፣ ደሟ ላይ የእንቅልፍ መድኃኒት መኖሩን ማየት ይቻላል?”

“ስትገባ የተቀዳው አለ። አሁኑኑ ይታያል።”

ውብአለም ሳህኑን አስቀመጠች። “የማዳምን የእንቅልፍ ኪኒን ፈጭቼ ነው። ሳጥኑን ያሳቀፍኳትም፣ ስትነቃ ‘ወስደሻል’ ያልኳትም እኔ ነኝ” አለች። ወርቁ ወጥ ቤት፣ የበርበሬ ጣሳ ውስጥ ነው። የፈተሸው ፖሊስ ክዳኑን ገለጥ ሲያደርግ አስነጥሶት መልሶ ዘግቶታል።

“ለምን?”

“ስንት ዓመት ሰው ቤት ኖሬ ባዶ እጄን እናቴ ደጅ መቆም አቃተኝ። እሷ ደግሞ ትረሳዋለች። የማታስታውሰው ነገር አይጎዳትም ብዬ ነው፣ ጋሼ።”

ፖሊሶች መጥተው እያለቀሰች ወሰዷት። ቤተል ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈች፣ ያን እጅ እየሸሸች፣ “ኧረ ቀስ አድርጋችሁ ያዟት፤ አሳዘነችኝ” አለች።

ዋሲሁን እንባው መጣ። “ይህን ርኅራኄስ የት አስቀምጣው ነው ዶክተር?”

“እሱን ገና አላገኘነውም” አለች ሶስና፣ የመድኃኒቱን ጠብታ እያስተካከለች።