የቆሰለውን አጋዘን ስንከተል

እኔ በያጅ ነኝ። ከብረት ጋር ነው የኖርኩት፤ ተረት አላውቅም። የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው። ካላመናችሁኝም አልፈርድባችሁም... እኔ ራሴ ባላምነው ደስ ይለኝ ነበር።

ያለፈው ዓመት መስከረም መጨረሻ፣ ቅዳሜ። ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

ሌሊት አልነበረም። ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች።

ስሜ ሚልኪያስ ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ትንሽ ብየዳ ቤት አለችኝ። እህቴ ንግሥት ያገባችው ቀወት ገጠር ነው። ባሏ ሀይሉ ገበሬ ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። ከዓመታት በፊት ከአይሱዙ ላይ ወድቆ ቀኝ እግሩ ስለተሰበረ ያነክሳል።

በዚያ ሰሞን አንድ ትልቅ አጋዘን የጋሼን ማሾ ሊጨርሰው ደረሰ። ሊነጋጋ ሲል ይገባል፣ እንቡጡን እየመረጠ ይበላል፣ ይሄዳል።

"ጠመንጃ አልተኩስም" አለኝ ጋሼ። "በዚህ ጊዜ ጥይት ከጮኸ ማን ተኮሰ፣ ለምን ተኮሰ ሲባል ነው የሚዋለው። ድምፅ የሌለው ነገር ሥራልኝ።"

ስልኬ ላይ ቃታ ያለው ቀስት አይቼ ነበር። እንደ ጠመንጃ ሰደፍ አለው፤ የሚወረውረው ግን ጥይት ሳይሆን ፍላጻ ነው።

መጀመሪያ ከሲኖትራክ ባሌስትራ፣ ጭነቱን ከሚሸከመው የሚለጠጥ ብረት፣ ሠራሁት። ለሁለት ሆነን ብንስበው ንቅንቅ አላለም። ኃይለኛ ብቻ መሆኑ ዋጋ የለውም ለካ... ሰው ሊስበው የማይችል ቀስት ቁራጭ ብረት ነው።

ሁለተኛውን ከአሮጌ ፒካፕ ስስ ባሌስትራ ሠራሁ። ጫፉ ላይ እግር የሚገባበት እርካብ በየድኩለት። እርካቡን ረግጬ በሁለት እጄ ስስበው ገመዱ ቃታው ላይ ቀጭ ብሎ ተቀመጠ። ሦስት ፍላጻ ሞረድኩ። ሣር ውስጥ እንዳይጠፉብን ጭራቸውን ቀይ ቀለም ቀባሁ።

ጓሮ ሄደን የሙዝ ግንድ ላይ ሞከርነው። በሠላሳ እርምጃ ግንዱን በስቶ ወጣ። በአምሳ ግን ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም።

"ከሠላሳ ካለፈ አትንካው" አለ ጋሼ። "አቁስሎ መልቀቅ ግፍ ነው።"

ያን ቅዳሜ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ አጋዘኑ መጣ።

ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተኝተን ነበር። ጋሼ ርቀቱን በዓይኑ ለካ።

"አርባ ነው" ብሎ አንሾካሾከ። "ተው... ይቅረብ።"

አልቀረበም። ቀና ብሎ አየን። ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ቃታውን ሳብኩት።

ጥፋቱ የኔ ነው። ይሄን ከአሁኑ እወቁልኝ።

ፍላጻው ከትከሻው ኋላ ገባ። ቀዩ ጭራ ጎኑ ላይ ሲቀር አይቻለሁ። አጋዘኑ ግን አልዘለለም፣ አልደነገጠም። ዞር ብሎ በእርጋታ ሄደ... ተከታዮቹ እንዳይጠፉበት የሚጠነቀቅ ይመስል።

የቆሰለ እንስሳ ወዲያው ከተከተሉት ርቆ ይሮጣል። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ ደሙን ይዘን ተነሣን።

አንድ ጠብታ እዚህ። አሥር እርምጃ አልፎ አንድ እዚያ።

አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። ማሳውም፣ ቤቱም፣ ሰውም ከኋላችን ቀረ።

"ጋሼ... ይሄ ደም ለምን አይደርቅም?"

ድንጋዩ እጅ ያቃጥላል። ደሙ ግን እርጥብ ነው። አንድ ዝንብ አላረፈበትም።

ጋሼ ዓይኑን ከደሙ ሳይነቅል መራመዱን ቀጠለ።

ጥቂት እንደሄድን አንድ የግራር ግንድ ላይ ፍላጻዬን አየሁት። ቀዩ ጭራ ወጥቶ ይታያል። ላውጣው ብዬ ስይዘው... አልነቃነቅ አለኝ።

ግራሩ ልጡን ዙሪያውን አብቅሎ ውጦታል። ብረቱ ዝጎ ሊያልቅ ነው።

ማክሰኞ ዕለት በእጄ የሞረድኩት ፍላጻ!

የሌላ ሰው ነው እንዳልል፣ ለምልክት የጫርኳቸው ሁለት ጭረቶች አሉበት። ሁለቱ ቀሪዎች ደግሞ ከረጢቴ ውስጥ ናቸው።

"ጋሼ፣ እንመለስ።"

"ደሙ ወደዚህ ወርዷል" አለኝ ቦረቦሩን እያሳየኝ። "ሲሠቃይ ጥለነው አንሄድም። ወርጄ ልየው። አንተ እዚሁ ቁም።"

እያነከሰ፣ ሥር ሥሩን እየጨበጠ ወረደ። ቦረቦሩ ጥልቅ ነው። ታቹ በቁጥቋጦ ተሸፍኗል፤ ምንም አይታይም።

ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሰዓት። ጥላዬ እግሬ ሥር ገብቶ ጠፍቷል።

ወፎቹ ሁሉ ባንዴ ዝም አሉ።

ከዚያ ድንጋይ ሲናድ ሰማሁ።

"ሚልኪ!" የጋሼ ድምፅ ነው፣ ከታች። "ሚልኪ... ድንጋይ እግሬን ያዘኝ! ድረስልኝ!"

"መጣሁ ጋሼ!" ቀስቱን ጥዬ ልወርድ አንድ እግሬን እንዳነሣሁ...

"ሚልኪያስ።"

ከኋላዬ።

ዞርኩ። ጋሼ ቆሟል። ልብሱ ላይ አቧራ የለም። ፊቱ ላይ ላብ የለም።

"አጋዘኑ የለም" አለኝ። "እንሂድ።"

ከታች ድምፁ ቀጠለ።

"ሚልኪ! ማን ነው የሚያናግርህ? ማን አለ እላይ?"



"ጋሼ..." አልኩት ከኋላዬ የቆመውን፣ በሹክሹክታ። "ይሰማሃል?"

"ቀትር ላይ ለሚጣራ አቤት አይባልም" አለኝ።

እውነቱን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ነገር ነው። በቀትር ከሸለቆ ስምህ ቢጠራ አትመልስ ይባላል። አንዱን አየዋለሁ፣ ሌላውን አላየውም። የማየውን አመንኩ።

ማን አያምንም?

"ሚልኪ፣ በእመቤቴ! ጥለኸኝ አትሂድ! ሚልኪ!"

ጆሮዬን ደፍኜ እላይ ያለውን ተከተልኩት። ከፊት ከፊቴ ይሄዳል። ድምፁ እየራቀ፣ እየቀጠነ መጣ... ጠፋ።

ብዙ ከሄድን በኋላ ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣብኝ።

ክፉ መንፈስ የእመቤታችንን ስም ይጠራል እንዴ?

ደግሞ... ጋሼ አያነክስም።

ቆምኩ። እሱም ቆመ፤ ፊቱን ሳያዞር።

"ምነው?" አለኝ።

"ምንም" አልኩት። ፈራሁ። በቃ፣ ፈራሁ።

ተከትዬው ቤት ገባን። በማግስቱ ሦስት ጎረቤት ይዤ ወደ ቦረቦሩ ተመለስኩ። ለነሱ ቀስቴን ረስቼ ነው አልኳቸው። ቀስቱ የጣልኩበት ቦታ አለ። ታች ወረድን። ድንጋይ ተንዷል። ሥሩ የጋሼን የቀኝ እግር ኮንጎ ጫማ ብቻ አገኘን።

ድንጋዩን በሙሉ ገለበጥነው። ሰው የለም። ደምም የለም።

ቤት ስመለስ ጋሼ ደጅ ተቀምጧል። ሁለቱንም ጫማ ተጫምቷል።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ጠበል ይዘው መጡ። ጋሼ ጎንበስ ብሎ ተጠመቀ፣ መስቀል ተሳለመ፣ አባን ምሳ ጋበዘ። "ልጄ፣ ፀሐይ መትቶህ ነው" አሉኝ ሲወጡ።

ለንግሥት አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ባልሽን ገደል ውስጥ ትቼው መጣሁ ልበላት? ባሏ እኮ ቤቷ ነው። ያርሳል፣ ይበላል፣ ይተኛል። እግሩ ዳነለት ብላ ለማርያም ስእለቷን አስገብታለች።

ቀስቱን ቆርጬ ጣልኩት። ቀወትም መሄድ ተውኩ።

ባለፈው ወር ግን ንግሥት ደወለች።

"ና" አለች። "ለማንም ሳትናገር ና።"

ስደርስ ቀን ነው። ጋሼ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማሾ ይፈለፍላል። ፊቱ ወደ ቤቱ፣ ጀርባው ወደ ማሳው ነው። ንግሥት እጄን ይዛ ወደ ግድግዳው ጥግ ወሰደችኝ።

"ማዶ ተመልከት" አለች በሹክሹክታ።

ከማሳው ወዲያ፣ ጉብታው ላይ፣ አንድ ሰው ቆሟል። ልብሱ ተቦጫጭቋል። ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ያወዛውዛል... ድምፁ እንዳለቀበት ሰው።

"በየቅዳሜው ይመጣል" አለች። "ስሄድለት የለም። ሚልኪ... ማን ነው?"

የሰውየውን ቀኝ እግር አየሁ፤ ጫማ የለውም።

በሩ ላይ የተቀመጠው ሰው መፈልፈሉን አቆመ። ወደኛ አላየም። ወደ ማዶም አልዞረም።

እጁን ወደ ኋላ አነሣና፣ ቀስ እያለ፣ ለዚያ ሰው አወዛወዘለት።