ልብስ ሰፊው ባቡር

ሽማግሌው አሻንጉሊት ሠሪ ከደረጃው ሥር በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ አንድ ጫማቸው ወልቆ ከላይ እርከን ላይ ቀርቷል። ከጎናቸው አንዲት የአሻንጉሊት ባቡር የእንጨት ፉርጎ በጎኗ ወድቃለች። መርማሪዋ ገና አስከሬኑ አጠገብ ሳትንበረከክ ከወጥ ቤቱ በር ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ሚጡ ነበረች፣ የሽማግሌው የልጅ ልጅ። የፊት ጥርሶቿ ገና መውለቃቸው ነው። አላለቀሰችም፤ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ቅጣቷን ትጠብቃለች።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «እሜቴ ቆይ» ይሏታል። ሰው ሁሉ ሲጣደፍ እሷ «እስቲ ቆይ» ካላለች አይሆንላትም። ስንት ነፍሰ ገዳይ ፊቷ ቆሞ ሲምል ሲገዘት ቅንድቧ እንኳ አልተነቃነቀም። የዛሬዋን ስትሰማ ግን ማስታወሻ ደብተሯን ዘግታ ወደ ልጅቷ ቀረበች።

«እስቲ ቆዪ የኔ እናት። እንዴት አድርገሽ ነው የገደልሻቸው?»

«ባቡሩን ደረጃ ላይ ትቼው። አባባ ረግጠውት ወደቁ።»

«ትተሽው እንደነበር ታስታውሻለሽ?»

ሚጡ አሰበች። «አላስታውስም። ግን አባዬ ረስተሽው ነው አለኝ።»

«እሺ፤ እኔ አጣራለሁ። አንቺ ካልሆንሽ ራሴ መጥቼ እነግርሻለሁ።»

«ቶሎ ግን፣ እትዬ። ሆዴን አሞኛል።»

እሜቴ ቆይ ደረጃውን ወጣች። ባቡሩ አናቱ ላይ ቆሟል። የባቡሩ ራስ ከፊት፣ ፉርጎዎቹ በቁጥራቸው ተራ ከኋላ፣ ትንሹ የእንጨት ሾፌር መቀመጫው ላይ ቀጥ ብሎ። የጎደለችው ከታች የወደቀችው የመጨረሻዋ ፉርጎ ብቻ ናት፤ መንጠቆዋ አልተሰበረም፣ አልተጣመመም። ሰው የተሰናከለበት ዕቃ እንዲህ ተሰልፎ ይቆማል እንዴ! መርማሪዋ ነገሩ አልጣማትም።

ላይኛው የመጫወቻ ክፍል ውስጥ የሟቹ ሴት ልጅ፣ የአሻንጉሊቶቹ ቀለም ቀቢ፣ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች።

«የሰፈሩ ልጆች ጠዋት ጠዋት እዚህ ይጫወታሉ» አለች። «አባባ አዲሱን አሻንጉሊት ወለሉ ላይ ያኖሩና እዚያ ወንበር ላይ የተኙ መስለው ያንኮራፋሉ። ምን እንደሆነ እንኳ አይነግሯቸውም። ‹ልጅ ካየሁት የሚጫወተው ለኔ ነው፤ ካላየሁት ለራሱ ነው› ይሉ ነበር።»

«ልጆቹ ያልነኩትስ?»

«ማገዶ ይሆናላ! ለማንም አይራሩም። ትናንት የአናጢያችን ፈረስ ነደደ።»

አናጢው ምድር ቤት ሰጋቱራ እንደለበሰ ነበር። «አዎ፣ ተቆጥቼ ነበር!» አለ ሳይጠየቅ። «በሞቴ፣ እርስዎ ቢሆኑ አይናደዱም? ግን ሲነድ ቆሜ ሳየው እኔም ሳቄ መጣ፤ እውነትም አህያ ነበር የሚመስለው።» ወዲያው ፊቱ ተኮማተረ። «ሲወድቁ አልሰማሁም። መጋዙ ሲጮህ ጣራው ቢናድ አልሰማም። አይ እኔ!»

«ባቡሩን ማን ሠራው?»

«የቱን... እ፣ የስፌት መኪናውን ነው? እንጨቱን እኔ ቆረጥኩ። ንድፉም ያ አስቸጋሪ መንጠቆም የወንድ ልጃቸው ነው።»

«የስፌት መኪና?»

«ሚጡን ይጠይቋት» አለ አናጢው፤ እንባው መጣበት።

ልጅየው፣ የሚጡ አባት፣ ንድፍ ክፍሉ ውስጥ ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀምጧል። ቤቱ ለአሻንጉሊት የኖረ ቢሆንም እዚህ ክፍል ወለል ላይ አንድም ዕቃ አልወደቀም።

«ከዚህ ክፍል አልወጣሁም» አለ። «ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም። ልጅ ናት፤ ማንም አይጠይቃትም። ነገ ትረሳዋለች።»

«ልጅ ይረሳል?»

«ይረሳል እንጂ። እናቷ ከሞተች ወዲህ አንድ ቀን አንስታት አታውቅም።»

እሜቴ ቆይ በሩን ዘግታበት ወጣች። ሚጡን ወጥ ቤት ከአንዲት ፖሊስ ጋር አገኘቻት፤ የተሰጣትን ዳቦ አልነካችውም።

«ሚጡ፣ በባቡሩ እንዴት ነው የምትጫወቺው?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈካ። «ባቡር አይደለም እኮ! የስፌት መኪና ነው። ፉርጎው ይገለበጥና ጎማው ይሽከረከራል፤ ጠጠጠጠጠ! ሁላችንም አንድ አንድ አለን።»

«ሾፌሩስ?»

«ደንበኛዬ ነው። በጣም ይበርደዋል፤ ካፖርት ሰፋሁለት። አክስቴ ከጀርባው በክር ዘጋችልኝ።»

«ካፖርቱን ለብሶ መቀመጫው ላይ ይገባል?»

«እንዴት ብሎ! ወፍራም ነዋ። ቆሞ ነው የሚውለው።»

እሜቴ ቆይ እንደገና ወደ መጫወቻው ክፍል ወጣች። ከቁም ሳጥኑ ሥር እጇን ሰድዳ አንዲት ጣት የምታህል ሰማያዊ ካፖርት አወጣች። ከጀርባዋ ተተርትራለች። መርማሪዋ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ማን እንደሆነ አወቀች፤ ባላወቅሁ ብላም ተመኘች። ለልጅቷ የገባችውን ቃል ስትጠብቅ ምን እንደምታሳጣት ታይቷታል።

ሁሉንም ትልቁ የሥራ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ባቡሩን ፈታታ ሦስተኛውን፣ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን ፉርጎ አዘበራርቃ ዘረገፈችው።

«እስቲ ሁለቱን አያይዙልኝ» አለችው አናጢውን።

አናጢው ታገለ፤ ተሳደበም። «የተረገመ መንጠቆ!» ቀለም ቀቢዋም ሞክራ ጥፍሯ ተሰበረ።

«ልጅ ይችለዋል?»

«ኧረ የት አባቱ!»

«እንግዲያው ሚጡ ባቡሩን አላያያዘችውም» አለች እሜቴ ቆይ ወዲያ ወዲህ እየተራመደች። «ቢሰናከሉበት ኖሮ ሁሉም አብሮ ይወርድ ነበር፤ አንዷ ብቻ ተፈታ አትወድቅም። መንጠቆዋን ሰው ነው የፈታው። ይሄ ደግሞ ካፖርት ነው። ሾፌሩ ይህን ለብሶ መቀመጫው አይገባም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ገፈፈው። ደንበኛዋን ብርድ ላይ ራቁቱን የምታስቀር ልብስ ሰፊ አላየሁም። ይህ ሰው ልጅ የተወው ዕቃ ማስመሰል ፈልጓል፤ ግን ልጅ በምን እንደሚጫወት አያውቅም። እዚህ ቤት ሁሉም ሰው ይህን ዕቃ የስፌት መኪና ይለዋል፤ ሚጡም መጀመሪያ ‹ባቡሩን› ያለችኝ የተነገራትን ደግማ ነው። ባቡር የሆነው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።»

ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሁሉም ዞር አሉ። የሚጡ አባት ሳያስበው፣ ዓይኑ መርማሪዋ ላይ እንዳለ፣ ጣቶቹ ፉርጎዎቹን በቁጥራቸው እያሰለፉ ነበር። አንደኛውና ሁለተኛው ተያይዘዋል። በሌላ እጁ ሾፌሩን ይዟል።

ሾፌሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ቁጥሩን ፍቀን፣ ሾፌሩን አውጥተን የስፌት መኪና ብለን እንሽጠው አሉኝ» አለ። «ስንት ዓመት የለፋሁበትን! ‹ልጆቹ አንተ ያላየኸውን አዩበት› ብለው ሳቁ፤ ደስ ብሏቸው ነው የሳቁት እኮ። ገፋ አደረግኳቸው። ገፋ ብቻ!»

«ልጅህን ለምን?» ብላ ጮኸች እህቱ። «አንተ ሰው፣ ልጅህን?»

«ልጅ አይታሰርማ» አለ።

የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። ሚጡ ከፖሊሷ አምልጣ ቆማለች። ምን ያህሉን እንደሰማች እግዜር ይወቀው። እሜቴ ቆይ ተንበረከከችላት፤ ቃል ቃል ነው።

«አንቺ አይደለሽም የኔ እናት። ባቡሩን ደረጃ ላይ አልተውሽውም። አባባን አንቺ አልገደልሻቸውም።»

ሚጡ ግን የምታየው ካቴና የሚገባበትን የአባቷን እጅ ነው።

«አባዬን የት ልትወስዱት ነው?»

አክስቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅቷ ሁሉንም በየተራ አየቻቸውና ነገሩ ገባት።

«እሺ፣ እኔ ነኝ» አለች። «አሁን አስታወስኩ። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ካፖርቱንም እኔ ነኝ ያወለቅሁት።»

«ሚጡዬ...» አለ አባቷ።

«ማያያዝም እችላለሁ! እዩኝ!»

ሦስተኛውን ፉርጎ አንስታ ከሁለተኛው ጋር ገጠመችው። መንጠቆው ተንሸራተተ። ደገመችው፤ ተንሸራተተ። እሜቴ ቆይ አፏን ከፈተች፤ ያ የለመደችው ቃል እንኳ እምቢ አላት።

«ቆዩ» አለች ሚጡ፣ አውራ ጣቷ እስኪቀላ እየተጫነች። «ቆዩ፣ አትውሰዱት፤ እችላለሁ።»