በራጅ የማይታየው ስንጥር

የጥራት ተቆጣጣሪው ግሪፍ ሎውሪ ከመሞከሪያ ክፍሉ ደረጃ ሥር ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ሲገኝ፣ የድርጅቱ ኃላፊ አላስተር ፔንሄል ያዘነው ለተሰረዘው ጋዜጣዊ መግለጫ ነበር። በማግስቱ መርማሪ ኖሪን ቱሎክን በር ላይ ሲቀበላት የዘረጋላት ግራ እጁን ነው። ቀኙ ከኪሱ አልወጣም።

«ወድቆ ነው እኮ! አስከሬኑ ራጅ ተነስቶ ቁስሉ ውስጥ ምንም አልተገኘም። ካልወደቀም ሠራተኛዬ ኢቮ ገፍቶት ነው፤ ሲጨቃጨቁ ተሰምተዋል።»

ጂሎንግ ከተማ ውስጥ አላስተርን የማያውቅ የለም። በተሰበረ አጥንት ውስጥ የሚገባውን፣ ከካርቦን ክርና ከሙጫ የሚሠራውን ዘንግ «ከብረት የቀለለ፣ በራጅ የማይታይ» እያለ ሲያወድስ የኖረ ነው። ሥራው የሌሎች፣ ጭብጨባው የሱ። ኖሪን ገና ሳትቀመጥ ሰለቻት።

ዘንጉን የሚሠራው ኢቮ ማቱሊች መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ እጁ በካቴና ታስሮ ከአንድ ፖሊስ ጋር ጠበቃት። ከጠረጴዛው ላይ አንድ የዘንግ ስባሪ ልታነሳ ስትል ጮኸባት።

«ጓንት አድርጊ! ሲሰበር ጫፉ ሁሉ መርፌ ነው። እዚህ በባዶ እጁ የሚነካው የለም።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ግሪፍ ‹የዚህ ጭነት ዘንጎች ውስጣቸው ተሰንጥቋል፤ ለሆስፒታል እንዳይላክ አስቆማለሁ› አለ። እኔ ደግሞ በሥራዬ ተነካሁና ተቆጣሁ። እውነቱን ነበር፤ ምን ዋጋ አለው አሁን?»

ዘንጎቹን ያዘዘችው የአጥንት ሐኪም ሃን ቩ ስለ ራጁ ስትሰማ ሳቀች። «ባዶ ነው አሉሽ? ካርቦኑን የምንወደው እኮ ስለማይታይ ነው!»

ኖሪን ወዲያው ስልኳን አነሳች። ሬሳ መርማሪው ቁስሉን ከፍቶ በማጉያ መነጽር ሲያየው ጥቁር ስንጥር አገኘ።

ሦስቱንም ስብሰባ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«አላስተር፣ ዘንጉን ነክተኸው ታውቃለህ?»

«እኔ? ሠራተኛ የቀጠርኩት ለምን ሆነና! መሞከሪያ ክፍሉን ከረገጥኩ ዓመት አልፎኛል።»

«ጥሩ። ግሪፍ የተመታው በዘንግ ነው፤ ዘንጉም ሲመታው ተሰብሯል። ኢቮ ቢሆን ጓንት ያደርግ ነበር፤ ልማዱ ነው። ዶክተሯም እንደዚሁ። በባዶ እጁ የሚጨብጠው ስለ ዘንጉ ከማውራት በቀር ምንም የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ጭነቱ ቢቆም የሚዋረደውም እሱው ነው። ቀኝ እጅህን አውጣ።»

አላወጣም። ፖሊሱ ጎትቶ አወጣው። መዳፉ አብጦ ቀልቷል፤ ቆዳው ሥር ጥቋቁር ስንጥሮች ተሰግስገዋል። ሰው መግደል ያላቃተው ስንጥር መንቀል አቃተው!

የኢቮ ካቴና ተፈትቶ አላስተር እጅ ላይ ገባ። ሰውየው ወደ ሐኪሟ ዞሮ ይለማመጥ ጀመር።

«ሃን፣ እባክሽ፣ በጣም ያመኛል። ራጅ አንሺኝና አውጪልኝ።»

«በራጅ አይታይም» አለችው፤ «አንተው አይደለህ እንዴ የሸጥክልን?»

ኢቮ አልሳቀም። ጓንቱን አጥልቆ ለሆስፒታል ሊላኩ የነበሩትን የዘንግ ሣጥኖች ከመጫኛው በር ወደ ውስጥ መመለስ ጀመረ።