ኪስ የማይቀድ ስጦታ

መካኒኩ ከማተሚያው ማሽን ጀርባ በጎኑ ወድቆ ተገኘ። ቀኝ እጁ ውስጥ ከመዳፍ የማትበልጥ አዲስ ታጣፊ መሣሪያ አለች፤ ፒንሳ፣ ቢላ፣ መቀስና ካቻቢቴ አንድ ላይ የታጨቁባት፣ ሰው ኪሱ ውስጥ ጣል አድርጎ ይዟት የሚዞር ዓይነት። ካቻቢቴዋ ተከፍታለች። ፊት ለፊቱ ያለው የሞተሩ የሽቦ ሳጥን ክዳኑ ተነስቷል። ሰው ደግሞ ፍርድ ለመስጠት ማን ብሎት! ገና ሬሳው ሳይነሳ «ኤሌክትሪክ ባለበት ሽቦ ላይ ራቁት ብረት ሰደደ፤ በቃ፣ በገዛ እጁ ሄደ» ብለው ጨረሱት።

መርማሪዋ ግን የሰው ወሬ ቶሎ አይዋጥላትም። ከሲታና ረጅም፣ ምላሷም የሚወጋ ስለሆነ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ እሷም ወዳው ኖራለች። ተንበርክካ የሟቹን እጅ ገለበጠች። ጥፍር የለውም ማለት ይቻላል። የማሽኑ ሮለር የሚታጠብበት ፈሳሽ ለዓመታት ሲበላቸው ኖሮ፣ የተረፉት እንደ ረጠበ ወረቀት ሳስተዋል። ከዚያ መሣሪያዋን በመሐረብ አንስታ አየቻት። ካቻቢቴዋን በጥፍር ስቦ ለማውጣት የተሠራች ጠባብ ጎድጎድ አለች፤ እዚያ ውስጥ የስንዴ ገለባ የምታክል ስባሪ ተሰክታለች። መርፌ ስባሪዋን በወረቀት ጠቀለለቻት። የሳጥኑ ክዳን ብሎኖች ደግሞ ተፈተው በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተቀምጠዋል።

«ይሄ ሰው ጥንቁቅ ነበር?» ስትል ጠየቀች።

«ጥንቁቅ?» አለ ማሽኒስቱ፣ ከሟቹ ጋር አብሮ ያረጀው ሽማግሌ። «ዋናውን ማብሪያ ሳያጠፋ አምፖል እንኳ አይቀይርም ነበር እኮ! ዛሬ ምን እንደነካው እንጃ።»

በዚህ መሐል የሟቹ ሴት ልጅ ደረሰች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የክር ቁርጥራጭ ትከሻዋ ላይ እንዳለ፣ ሜትሯም አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው ሮጣ የመጣችው። መሣሪያዋን በመርፌ እጅ ስታይ ጮኸች።

«እኔ ነኝ! የገደልኩት እኔ ነኝ! ትናንት የገዛሁለት እኔ ነኝ!»

እዚያው ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ጠራዥ የሆነው ታናሽ ወንድሟ ሮጦ አቀፋት። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ እናት ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። «እትዬ፣ ተይ» አላት። «አውቀሽ አይደለም። ለእሱ አስበሽ ነው።»

በማግስቱ መርፌ ልጅቷን ይዛ መሣሪያዋ ወደተገዛችበት ሱቅ ሄደች። ልጅቷ እህል አልቀመሰችም፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መንገዱን ሙሉ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ትንሽ ጨምሬ ሌላውን ብገዛ ኖሮ!» መርፌ፣ ይህች ልጅ በዚህ ከቀጠለች አባቷን ተከትላ መሄዷ ነው ብላ ሰጋች።

ባለሱቁ ወሬ የሚወድ፣ ዕቃውን እንደ ልጆቹ የሚያሞግስ ሰው ነው።

«ምን ብላ መጣች?» አለች መርፌ።

«የአባቴ ኪስ በብረት ብዛት እየተቀደደ እሱን ስሰፋ ነው የምኖረው አለችኝ። ትልቁን አሳየኋት። የሌለው ነገር የለም፣ ግን ጡብ በለው! በመዳፏ መዝና መለሰችልኝ። ልክ ናት፤ ከባዱን ሰው ለሰሞኑ ይይዘውና ኋላ ቤት ጥሎት ይወጣል። ያኔ መኖሩ ምን ይረባል?»

«በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት የሚከፈተውስ?»

«እሱማ ዋጋው አይቀመስም። ይቺኛዋ ግን ኪስ ውስጥ መኖሯ አይታወቅም፣ ዋጋዋም ለድሃ የሚሆን ነው፣ ብረቷም ደህና። አንድ ዓመል ብቻ አለባት፤ አዲስ ስትሆን ትጠብቃለች። ጥፍር ትፈልጋለች፣ ያውም ደህና ጥፍር።»

መርፌ ተመሳሳይዋን ተቀብላ ሞከረች። ጥፍሯ ሁለት ጊዜ ሸርተት አለና በሦስተኛው «ቀጭ» ብላ ወጣችላት። ልጅቷ ይህን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የአባዬን ጥፍር አላሰብኩትም» አለች። «ኪሱን ብቻ ነው ያሰብኩት። ለካ ለዚህ ነው የሰጠሁት ማታ ሳይከፍታት የቀረው! አገላበጣት፣ 'እንዴት ታምራለች' አለ፣ ግንባሬን ሳመኝና ከሸሚዙ ውስጥ ከተታት። ከውስጥ በኩል አዝራር ያላት ኪስ ሰፍቼለት ነበር።»

«ኪሷን ማን ያውቃል?»

«ከውጭ አትታይም። እኛ ቤት ያለነው ብቻ ነን።»

መርፌ ወደ ማተሚያ ቤቱ ተመለሰች። መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁን ጠየቀችው። ድምፁ የጎረነነ፣ ግን ፊቱ የተሸበረ ሰው ነው።

«ጮኬያለሁ፣ አልክድም» አለ። «ሥራው ዛሬ ካልወጣ ደንበኛው ይሄዳል ብዬ ሁሉንም አስጨንቄያለሁ። አደጋው ሲደርስ ግን ፊት ለፊት ቢሮ ከዚያው ደንበኛ ጋር ነበርኩ። እሱንም ይጠይቁት።»

ደንበኛው ተጠየቀ፤ እውነት ነው።

ማሽኒስቱ ደግሞ ማሽኑ በመቆሙ ወረቀት ሊያወጣ ዕቃ ቤት ገብቶ እንደነበር ተናገረ።

«ያቺን መሣሪያ እጁ ላይ አይተዋት ያውቃሉ?»

«ሲሞት ነው ያየኋት። አዲስ ብሎን እንኳ ቢያገኝ ሮጦ የሚያሳየኝ ሰው እሷን ደበቀኝ። ሳይከፍታት ቀርቶ እንዳልስቅበት ይሆናላ!» ሽማግሌው ሳቅ ሊል ፈለገና እጆቹን ዘረጋ። «ይዩት፣ የኔም እጅ እንደሱው ነው። ብርቱካን እንኳ የሚልጡልን ልጆቻችን ናቸው።»

ወንድምየው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ወረቀት ያጥፋል። ሥራው አላለቀም ተብሎ በሐዘኑ ላይ ተጠርቶ ነው። የመጽሐፉን እጥፋት በማስመሪያ ጠርዝ ይጫነዋል፤ የቀኝ አውራ ጣቱ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«መቁረጫው ነካኝ።»

ከጎኑ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ቆሟል። መርፌ ገመዱን በዓይኗ ተከተለችው። ግድግዳው ላይ ወዳለው ዋና ማብሪያ ይሄዳል። የማተሚያው ገመድም የሚሄደው እዚያው ነው። ልጁ ቀና ብሎ ዓይኗን ሲያይ፣ የሚያጥፈው ወረቀት ከእጁ ወደቀ። መርፌ ገባት። እንዲህ ደስ ያላሰኛት ግኝት በሥራ ዘመኗ አልገጠማትም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አራቱንም ከማሽኑ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ልጅቷ ወንድሟን ተደግፋ ቆመች። መርፌ መናገር ከመጀመሯ በፊት አመነታች፤ ትታው ብትሄድስ? ግን ልጅቷ ራሷን እየወቀሰች ዛሬም እህል አልቀመሰችም።

«ይቺን ይክፈቱልኝ» ብላ መሣሪያዋን ለማሽኒስቱ ሰጠችው። ሽማግሌው ታገለ፤ ጥፍሩ ታጠፈና ተወው። «ሟቹም መክፈት አይችልም ነበር። ስለዚህ ሌላ ሰው ከፍቷታል።»

«ከፍቶ ሰጥቶት ቢሆንስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ለምን ብሎ ያስከፍታል? ፕላስቲክ እጀታ ያለው የራሱ ካቻቢቴ ከጎኑ ባለው የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ነበረ። ደግሞ ይዩት፣ የዚህች ጫፍ ከክዳኑ ብሎኖች ጋር ጭራሽ አይገጥምም። ብሎኖቹ በሌላ ተፈተው በሥርዓት ተቀምጠዋል። አምፖል ለመቀየር ማብሪያ የሚያጠፋ ሰው ነው፤ አጥፍቶ ነበር። እጁን የከተተው ሽቦው ሙት ነው ብሎ ነው። ከኋላው አንድ ሰው አበራበት።»

ልጅቷ ቀና አለች። «እኔ አይደለሁማ?» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። «የኔ ዕቃ አይደለማ?»

«አይደለም የኔ እመቤት። ያንቺ ስጦታ ኪሱ ውስጥ ነበረች። አባትሽ ከወደቀ በኋላ ነው አውጥተው እጁ ውስጥ ያስገቧት፣ ስለ ማብሪያው ማንም እንዳይጠይቅ።» መርፌ ምራቋን ዋጠች። «ያቺን ኪስ የሚያውቅ ሰው ነው። ማተሚያው ቆሞ ሳለ ኤሌክትሪክ የፈለገ ሰው ነው፤ ከዚያ ማብሪያ ጋር የተያያዘው ሌላ ዕቃ ደግሞ መቁረጫው ብቻ ነው። መሣሪያዋን ሲከፍት ጥፍሩ ተሰብሮ ጎድጎዷ ውስጥ ቀርቷል። ወፍራም የአውራ ጣት ጥፍር ነው፤ ከሥሩ የጠራዥ ሙጫ ደርቆበታል።»

ወንድምየው ፕላስተር የታሰረበትን አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ ደበቀ።

«ማሽኑ ጀርባ መኖሩን አላየሁም» አለ ወንድምየው። «ሲጮሁብን ቸኮልኩ። ወረቀት ልቆርጥ ስል አልሠራ አለኝ፣ ማብሪያውን አበራሁት። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«አልተጣራህም?»

«አልተጣራሁም! አንዴ 'አባዬ' ብል ኖሮ... አንዴ እንኳ!» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ከዚያ ፈራሁ። ሌላ ምክንያት አጣሁ። ማንንም የሚጎዳ አልመሰለኝም። ዕቃ ነው የሚወቀሰው ብዬ ነበር።»

ልጅቷ ከትከሻው ቀስ ብላ ተላቀቀች።

«ትናንት ራሴን ደግፈህ ውኃ ስታጠጣኝ፣ አውቀሽ አይደለም ስትለኝ፣ ታውቅ ነበር?»

እጆቹን ከፊቱ አላወረደም።

ልጅቷ ወደ መርፌ ዞረች። ተናዳ አይደለም፣ አቅሙም የላትም። «ምነው ዝም ባሉኝ ኖሮ» አለቻት። «እኔ ገድዬው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያኔ የሚሄድብኝ አባቴ ብቻ ነበር።»

መርፌ የሚወጋ እንጂ የሚሰፋ ቃል አልነበራትም። አጎንብሳ ቆመች።

ሁለት ፖሊሶች ልጁን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ በሩ ወሰዱት። ደፍ ላይ ሲደርስ ቆመና «እትዬ!» ብሎ ተጣራ።

«አቤት» አለች ሳታስበው፣ ዕድሜውን ሙሉ በጠራት ቁጥር እንደምትለው። ወዲያው አፏን በመዳፏ ያዘች። ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።