ዶማው ይሰንብት

«ጣዪው! ገመዱን ጣዪው!»

ስንቄ ገመዱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከምንጩ እስከ ሾላው ድረስ ለክተው ለመጨረስ ጥቂት ነበር የቀራቸው። አሁን ግን ሽማግሌው አያ ቀለሙ ዱላቸውን ይዘው እየጮሁ ሽቅብ እየመጡ ነው፤ የመንደሩ ሰውም ተከትሏቸዋል።

«ስንቄ፣ እግሬ አውጪኝ እንበል!» አለ የክፍል ጓደኛዋ ከፋለ፣ የገመዱን ሌላ ጫፍ ጥሎ።

ጠዋት እንዲህ አልነበረም። ትናንት አስተማሪያቸው «ምንጭ ጠርጎ ቦይ ለመቅደድ በፈቃዱ የሚሄድ ማን ነው?» ሲሉ ከስምንተኛ ክፍል ቀድማ እጇን ያወጣችው እሷ ነበረች። ሰውና ከብት ከአንድ ኩሬ የሚጠጣበትን መንደር ንጹህ ውሃ ልታጠጣ! ከብቸና እስከዚህ ድረስ የአባቷን ዶማ ተሸክማ እየዘፈነች ነው የመጣችው።

«አያ፣ የምንለካው ለቦይ ነው! ውሃው ወደ መንደሩ እንዲወርድ!» አለች ስንቄ።

«አምናም ገመድ ይዘው የመጡት የመንግሥት ሰዎች ‹ለመንገድ ነው› ብለውን ነበር» አሉ አያ ቀለሙ። «መንገዱ የታለ? የመጣው ግብር ነው! በሞጣ በኩል በዚሁ ግብር በተነሳው አመጽ ስንት ጎበዝ አለቀ!»

የስንቄ ፊት ጋለ። አባቷ ራሱ መሬት የሚለካ ሰው ሲያይ ደሙ ይፈላል፤ ይህን እንዴት ሳታስብ ቀረች? ገመዱን ጠቅልላ በሁለት እጇ ለሽማግሌው ሰጠች።

«እንግዲያው እርስዎ ይያዙት። ያለ ገመድም ይቆፈራል። ብቻ እመኑን!»

«እመኑን!» ብለው ሳቁ አያ ቀለሙ። «እናንተስ ታምኑናላችሁ? እስቲ ያ ዶማ እስከሚመጣው ቅዳሜ እኛ ዘንድ ይሰንብት።»

ዶማው! የአባቷ አንድ ለእናቱ ዶማ! «ከእጅሽ ቢወጣ ቤት እንዳትገቢ» ብሎ ነው የሰጣት።

«እንዳታደርጊው!» አለ ከፋለ በሹክሹክታ። «በኋላ ‹የምን ዶማ?› ቢሉሽስ?»

«እመኑን» ብላ የምትለምነው እሷ፣ ዶማዋን ግን ከመሬት አንስታ እንቅ አድርጋ ይዛለች። አፈረች፤ ሳቋም መጣ።

ዶማውን ከሽማግሌው እግር ሥር አስቀመጠች። «እስከ ቅዳሜ ደህና ይሰንብቱ፣ አያ» ብላ እጅ ነሳች።

ወደ ብቸና ለመመለስ ዳገቱን ሲወጡ የከፋለ አፍ አላረፈም። «አባትሽን ምን ልትዪው ነው?»

«እንጃ!»

ያን ጊዜ ከበስተኋላቸው ጓ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ደግሞ ጓ! ስንቄ ዞረች። አያ ቀለሙ ጋቢያቸውን ጥለው፣ በእሷ ዶማ ከምንጩ አፍ ጀምረው ይቆፍራሉ። ቅዳሜን ማን ይጠብቃል!

ስንቄ ቀሚሷን ሰብስባ ቁልቁለቱን በሩጫ ተያያዘችው።