የወለተ ገብርኤል ቀይ ክር

«ቀዩ ክር አለ አይደል?»

ብሩክታይት ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ፣ ካቻቢቴ እንደያዘች ጠረጴዛውን አየች። በሪሞት የምትነዳዋ ትንሽ መጫወቻ መኪና ነጭ ቦዲ እዚያ ተቀምጦ ያብረቀርቃል። ቀይ ክር የሚባል ነገር የለበትም። ከትናንት ወዲያ በመቀስ ቆርጣ፣ በፒንሳ እየነቀሰች ያወጣችው እሷ ራሷ ነበረች።

«የቱ ክር፣ አባባ?»

«ስንጥቁ ላይ የተሰፋው። ለአጎትሽ መንገሩን ረሳሁት። የባለቤቴ የወለተ ገብርኤል እጅ ነው፤ ነፍሷን ይማርና። ሌላውን እንደወደዳችሁ አድርጉት፣ እሱን ግን አደራ።»

የደወሉት ከሞጣ መምህር ሀብተ ሥላሴ ነበሩ፤ የመኪናዋ ባለቤት፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ። «ቆርጬዋለሁ» ብትላቸው ነገሩ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ምን ያደርጋል፣ የብሩክታይት አፍ ከሐሳቧ ቀደመ።

«አለ አባባ። እንዳለ ነው።»

«ተባረኪ ልጄ» ብለው ዘጉት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ መልሳ ልትደውል ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አወጣችው፣ ሁለት ጊዜም ተወችው።

መኪናዋ ከሁለት ሳምንት በፊት በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልላ፣ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ነበር ቢቸና የደረሰችው። ፋንታ፣ የብሩክታይት አጎት፣ መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ሞባይል ይጠግናል። ጆንያውን ፈትቶ ሲያይ ሳቀና ወደ እሷ ገፋው። «የሴሚስተር እረፍት ላይ ነሽ አይደል? ይሄ የአንቺ ሥራ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል እስክትመለሺ አታደብርሽም» አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ሥራ በእሷ እጅ ብቻ ገባ።

ማን እንደሠራት፣ ምን እንደምትባል የሚያውቅ አልነበረም። ተለጣፊዎቿ ተልጠው አልቀዋል። ብሩክታይት የመኪናዋን ሆድ በጥርስ ብሩሽ ስትፈገፍግ ከጭቃው ሥር የጃፓን ጽሑፍና 1985 የሚል ቁጥር ብቅ አለ። ፎቶ አንስታ እንዲህ ዓይነት መኪና የሚወዱ ሰዎች ወዳሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላከችው። በማግስቱ አንድ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው መለሰላት። «ይቺ ተራ መጫወቻ እንዳትመስልሽ። ለእሽቅድምድም የተሠራች ባጊ ናት፤ በአሸዋና በጉድጓድ ላይ የምትበር። በዕድሜ ከአባትሽ ሳትበልጥ አትቀርም።» የክፍሎቿን ሥዕል ላከላትና አንድ ምክር ጨመረ፦ «እንደ ፋብሪካዋ መልሻት። ፋብሪካው ያላደረገባትን ሁሉ አንሺ።»

ብሩክታይት ይህን ቃል እንደ ወንጌል ያዘችው። የሪሞቱን ዝገት በሎሚ አጸዳች። ሞተሩን ፈትታ ጠረገች፣ በሞተው ባትሪ ምትክ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ሁለት ፍሬ አውጥታ አስገባች፣ የተሰነጣጠቁትን ጎማዎች ከባጃጅ ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ አለበሰች። በመጨረሻ ቦዲው ቀረ። ስንጥቁን አንድ ሰው እንደ ተሰነጠቀ ቅል በወስፌ በስቶ በቀይ ክር ሰፍቶታል። በእሷ ዓይን አስቀያሚ ነበር፤ ፋብሪካውም አላደረገውም። ቆርጣ ጣለችው፣ ስንጥቁንና ቀዳዳዎቹን በሱፐር ግሉ ደፈነች፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች። ፎቶውን ስትለጥፈው ግሩፑ «ፏ ብላለች»፣ «ይመችሽ» እያለ ሞላላት። በዚያን ቀን ከእሷ የበለጠ የተደሰተ ሰው ቢቸና ውስጥ አልነበረም።

አሁን ግን ስልኩን አስቀምጣ ወደ ቆሻሻው ቆርቆሮ ሮጠች። ባዶ ነው። ፋንታ ጠዋት አቃጥሎታል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ብሩክታይት የምትለቅመውም አጣች። ብዙ ፈልጋ፣ በተጠቀመችበት ብርጭቆ ወረቀት ላይ ሙጫ ያጣበቀው የጥፍር ያህል ክር አገኘች። የምታደርግበት ቢጠፋት ከስልኳ ሽፋን ሥር አስገባችው።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ስታስበው ዛሬም ፊቷ ይቀላል። ቀዳዳዎቹን በጋለ መርፌ መልሳ ከፈተች። ከጎረቤት ልብስ ሰፊ ቀይ ክር ለመነች፤ አዲስነቱ እንዳያሳብቅባት በአቧራና በማሽን ዘይት አሸችው። መኪናዋ በመጣች ቀን ያነሳችውን ፎቶ ስልኳ ላይ አስፍታ እያየች ሰፋች። ስፌቱ አሥራ አንድ ጊዜ ይገባል፣ ይወጣል። ዘጠነኛው ላይ የወለተ ገብርኤል እጅ ወደ ግራ ስቶ ነበር፤ ብሩክታይትም ወደ ግራ ሳተች። የሞተ ሰው ስሕተት መስረቅ ምን ዓይነት ሙያ ነው አለች በልቧ። ግን ጨረሰችው።

ፋንታ ስፌቱን አገላብጦ አየው። «ሲመጣ ከነበረው እኔ አልለየውም። አንቺ ልጅ እኔን ልታስንቂኝ ነው» አላት። «ራስሽ አድርሺላቸው። የደከምሽው አንቺ ነሽ፣ ምስጋናውም የአንቺ ነው።»

በስልክ መዋሸቷን ልትነግረው አስባ፣ ፊቱ ላይ ያለውን ኩራት አይታ ዋጠችው።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሚኒባስ ተሳፈረች። እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ እነግራቸዋለሁ ስትል ነበር። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ደግሞ ምን ይጠቅማቸዋል አለች። ክሩ እንደሆነ ተቃጥሏል፤ ብትናገር የሚተርፋቸው ሐዘን ነው። ይህ ሐሳብ ደግነት ይመስላል። ብሩክታይት ግን ራሷን ታውቃለች፤ የምታዝነው ለእሳቸው ብቻ አልነበረም።

መምህር ሀብተ ሥላሴ ማስተዋል ከምትባል የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር በር ላይ ጠበቋት። መኪናዋን ተቀብለው ሪሞቱን እንኳ አላዩትም። መነጽራቸውን አወለቁና ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ከዳር ጀምረው ዳሰሱት። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«እዚህች ጋ እኔ ድንገት ገብቼባት ነው የሳተችው» አሉና ፈገግ አሉ። «ስፌቱን ጉያዋ ውስጥ ደበቀችው። እኔም እንዳላየ አለፍኩ።»

«ለምን ደበቀችው?» አለች ማስተዋል።

«አባትሽ ያኔ ልጅ ነው። ይቺን መኪና የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ሰጠው። እየነዳ አስገብቶ የአያትሽን የጠላ ገንቦ ሰበረባት። እሷ ደግሞ ዘነዘና አንስታ የመኪናዋን ጀርባ አለችው። አባትሽ ሦስት ቀን አኮረፈ። በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ተሰፍታ አልጋው ላይ አገኛት።» ወደ ብሩክታይት ዞሩ። «ልጄ፣ አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ይቅርታ የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ይቅርታዋ ይሄ ነው።»

ብሩክታይት መሬት መሬቱን አየች። እንደምንም ባትሪውን አገናኝታ መኪናዋን ግቢው ውስጥ አስቀመጠች። ሽማግሌው ሪሞቱን ሲነኩት ባጊዋ አቧራ አስነስታ ተፈተለከች፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ ማስተዋል እየሳቀች ተከተለቻት። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ነይ፣ ልመርቅሽ» አሉ ሪሞቱን አስቀምጠው።

ብሩክታይት ቀርባ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«የሞተን ሰው ሥራ የጠበቀ እጅሽን ይባርከው።»

«አሜን» አለች ማስተዋል ብቻዋን።

«ሰው የሚያምንሽ ያድርግሽ።»

«አሜን» አለች ማስተዋል አሁንም።

ሽማግሌው ጠበቁ። «አሜን በይ እንጂ ልጄ። ምርቃት ያለ አሜን አይደርስም።»

ባለፈው በስልክ የዋሸችው በአንድ ቃል ነበር፣ አለ በሚል። አሁንም የሚፈለግባት አንድ ቃል ነው። ብላው ከምሳ በፊት ሚኒባስ ልትይዝ ትችላለች፤ ማንም አያውቅም።

«አባባ፣ ይቆዩ» አለች። «አይመርቁኝ።»

እጆቻቸው እንደተዘረጉ ቀሩ። ብሩክታይት ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ሽፋኑን ከጥጉ ጀምራ አላቀቀችና የጥፍር ያህሏን ክር በመዳፏ ይዛ ዘረጋችላቸው።

«መኪናዋ ላይ ያለው የእኔ ስፌት ነው» አለች። «ከባለቤትዎ የተረፈው ይሄ ብቻ ነው።»